ኖርዌይኛ፣ ጃቫኛ እና የእኔ ሳቅ

አንሶላ ማጠፍ ያለ ወሬ አይሆንም። እኔ ካናዳ፣ ዌስተን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ አንሶላ አጥባለሁ፣ አጥፋለሁ። አብረውኝ የሚያጥፉት ሁለት ሴቶች ናቸው፤ ኢንግሪድ ከኖርዌይ፣ ሱሪ ከኢንዶኔዥያ፣ ከጃቫ ደሴት።

አንድ ቀን ምን ብዬ ብነሣ ጥሩ ነው? "ኢንግሪድ፣ ያንቺ ቋንቋ ማለቁ ነው። ሕዝባችሁ ከአዲስ አበባ ሕዝብ ብዙም አይበልጥ! የሱሪ ጃቫኛ ግን ተናጋሪው በአሥር ሚሊዮኖች ይቆጠራል።" ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው አይደል የሚባለው? ኢንግሪድ ሳቀችብኝ። በእነሱ አገር እያንዳንዱ ሸለቆ የራሱ አነጋገር አለው አለች። ገበሬውም ሚኒስትሩም በቴሌቪዥን እንደ መንደሩ ያወራል፤ የሚያርመው የለም። አንቱ ማለትማ ድሮ ቀርቷል፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩን "አንተ" ብትላቸው ማንም ዞር ብሎ አያይህም። እኔ በሆዴ ምን ዓይነት ባለጌ አገር ነው አልኩ።

ሱሪ ግን መጀመሪያ አንሶላዋን አጥፋ ጨረሰች። በኋላ ነው የነገረችን። በጃቫኛ ለታላቅና ለእኩያ ቃሉ ራሱ ይለያያል፤ "በላ" እንኳ ለሽማግሌ ሌላ ቃል አለው። ትምህርት ቤቱም ቢሮውም በኢንዶኔዥያኛ ስለሆነ ልጆቹ ይህን ጠንቅቀው አያውቁትም። የእህቷ ልጅ እንዳትሳሳት ፈርታ አያቷን በኢንዶኔዥያኛ ነው የምታናግራቸው። "ተናጋሪማ ሞልቶናል፤ ልጆቹ ግን ፈሩት" አለች።

አንሶላው ከእጄ ወደቀ ብል ውሸት ነው፤ ማጠፌን ቀጠልኩ። ግን ልጄ ትዝ አለችኝ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ! የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሜሮን አምና ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጋሼ ተክሌን፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ፣ "አንተ፣ በላህ ወይ?" አለቻቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከሁሉ በላይ የሳቅሁት እኔ። እሱም አልበቃኝ፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷው ፊት አወራዋለሁ። እኛ የልጆቻችንን አማርኛ ለእንግዳ እንደ ቡና ቁርስ አይደል የምናቀርበው? ከዚያ ወዲህ ሜሮን አማርኛውን እርግፍ አድርጋ ተወችው። ምንም ብጠይቃት "ፋይን፣ ዳድ" ነው። እኔ ደግሞ ካናዳን ስወቅስ ከረምኩ።

የዚያኑ ቀን ከሥራ ገብቼ ይቅርታ ጠየቅኋት። "ኢትስ ኦኬ" አለችኝ፣ አንገቷን ሳታነሣ። ምኑ ነው ኦኬ! ቢጨንቀኝ ጋሼ ተክሌን ኮል አደረግኩ። ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ፣ ስካርቦሮ፣ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ሁሉንም ተናዘዝኩላቸው።

"አንተ የሚለኝ ሰው እኮ ካለቀ ቆየ" አሉኝ። "እናቴም የለች፣ ወንድሞቼም የሉ። ያን ዕለት ደስ ብሎኝ ልመልስላት ስል እናንተ በሳቅ አባረራችኋት። በል ስልኩን ስጣት።"

ሰጠኋት። ቀስ ብላ፣ "ደህና ነኝ። አንተስ?" አለቻቸው። ምላሴን ነከስኩ። ሩብ ሰዓት ያህል አወሩ፤ ግማሹ ስብርብር ያለ አማርኛ ነው፣ አንዲት ቃል አላረምኩም። እንባዬ መጣ፣ አልዋሽም።

ስልኩን ስትመልስልኝ ደስታው ልቤን ነፋው መሰለኝ፣ "ጋሼ፣ እንግዲያው እኔም አንተ ልበልዎታ!" አልኳቸው።

"ሞክራትና እንተያያለን!" ብለው ጆሮዬ ላይ ዘጉት።