ሳልዳር የዳረኝ ፎቶ

ጎበዝ፣ የዛሬውን ለጠላቴም አይስጠው! ሽማግሌ ሊለምነኝ መጥቶ ያገባሁ ሆኜ ተገኘሁ።

አዎ፣ ያገባሁ። እኔም ዛሬ ነው የሰማሁት!

እዚህ ንፋስ መውጫ፣ ሰፈራችን ውስጥ፣ ካሜራ ከገዛ ወዲህ ራሱን በራሱ ፎቶግራፈር አድርጎ የሾመ ልጅ አለ። ባለፈው ሳምንት "እባክሽ ሞዴል ሁኚልኝ፣ ለፖርትፎሊዮዬ፣ ለሥራ ናሙናዬ ብቻ ነው፣ የትም አይለጠፍም" አለኝ። የሙሽራ ካባ ተውሶ አለበሰኝ። ከጎኔ አንድ ፀጉር አስተካካይ በሙሉ ሱፍ አቆመልኝ። የሰውዬውን ስም እንኳ በቅጡ አላውቀውም! ጠጋ በሉ ስንባል ጠጋ አልን፣ ሳቅ በሉ ስንባል ሳቅን።

ትናንት ማታ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው።

ከላዩ ምን ብሎ ቢጽፍበት ጥሩ ነው? "መልካም ጋብቻ ለውዶቼ!" ሞዴል የምትል ቃል ለዓይን እንኳ የለችም። ላይኩማ ጎረፈ።

ዛሬ ደግሞ የምወደው ልጅ የላካቸው ሽማግሌዎች ከወገዳ ድረስ፣ ያንን ኮረኮንች መንገድ ሲንገጫገጩ መጡ። ለካስ መኪና ውስጥ አንዱ ጎረምሳ ፎቶውን አሳይቷቸዋል! እማዬ ቄጤማ ጎዝጉዛ ትጠብቃለች፣ እነሱ አንቀመጥም አሉ።

"ልትለምኑ መጥታችሁ ቆማችሁ ትቀራላችሁ?" አለ አባዬ።

"የዳራችኋትን ልጅ ምን ብለን እንለምናለን?" አሉ መሪያቸው፣ ቄሱ።

አንደኛው ሽማግሌ ስልካቸውን ከጋቢያቸው ስር አውጥተው ዘረጉ። አባዬ አማቹን ለመጀመሪያ ጊዜ አየ።

"ውሸት ነው! ሞዴል ሆኜ ነው!" ብዬ ጮህኩ።

"ሞዴል ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?" አሉ ቄሱ።

"ሳያገቡ ያገቡ መስሎ መነሳት ነው አባ።"

ምነው ባልተናገርኩ!

ደሜ ፈልቶ ለፎቶግራፈር ተብዬው ደወልኩ፤ መጥቶ እንዲያስረዳ። መጣ። ካሜራውን አንግቶ! እውነቱንስ ተናገረ፣ አይካድም። "ታዲያ አጥፋው!" ስለው ግን "እንዴ፣ እንደዚህ ላይክ አግኝቼ አላውቅም፣ ትንሽ ይቆይ" አይለኝም? የኔ ትዳር ይፍረስ፣ የሱ ላይክ ይቆይ! በዚህም ሳያፍር ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ "አባቶች፣ ብርሃኑ አሪፍ ነው፣ አንድ ላንሳችሁ?"

አባዬ ዱላ ሲፈልግ እሱ በአጥር ዘሎ ወጣ። ባለጌ!

የሚገርማችሁ፣ ቄሱ ሊያምኑኝ ነበር። ሳቅ ሁሉ ጀምረው ነበር። ባለ ስልኩ ሽማግሌ ግን ጣታቸውን ወደ ታች ጎተት ጎተት አድርገው "ታዲያ ይቺ ቀይ ልብ የማን ናት? የልጅቱ ስም አይደለም እንዴ?" አሉ።

የኔ ናት።

ትናንት ማታ ያየሁት ጊዜ፣ "አይለጠፍም ብለህ አልነበር?" ብዬ ማነቅ ሲገባኝ፣ ጽሑፉን እንኳ ሳላነብ፣ ቆንጆ ሆኜ ስለወጣሁ ብቻ ልብ አደረግኩበት!

ሽማግሌዎቹ ውኃ ሳይቀምሱ፣ ሳይመርቁ ሄዱ።

ኮሜንቶቹን አሁን ነው ያነበብኩት። መጨረሻ ላይ የራሱ የምወደው ልጅ ኮሜንት አለ፦ "እንኳን ደስ ያለሽ።" ከዚያ ወዲህ ስልኩ ዝግ ነው።

እናንተ ላይክ ያደረጋችሁ ሁሉ፣ አንዳችሁ እንኳ ደውላችሁ "መቼ አገባሽ?" ማለት አቃታችሁ?

ግን እናንተን ምን ብዬ ልውቀስ? ሙሽራዋ ራሷ መች ጠየቀች!