እርድ ተቀብቶ ለሽምግልና

ወንድ ልጅ ስለ ፊቱ ቆዳ አይጨነቅም የሚል ሰው ወይ ዋሽቷል፣ ወይ ቤቱ መስታወት የለም። እኔን ጠይቁኝ። ሃምሳን የተሻገርኩ፣ ግሮቭ ሲቲ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የምነዳ፣ የኦሃዮ ብርድ ፊቴን አመድ ያስመሰለው ሰው ነኝ። እስካለፈው ወር ድረስ ግን ነገሩ እንደሚያሳስበኝ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። እናንተም እባካችሁ ከዚህ አታሳልፉት።

ጣጣው የመጣው የወንድሜ ልጅ ዳዊት ሊያገባ ሲያስብ ነው። አባቱ ካረፈ ወዲህ ያሳደግነው እኔና ባለቤቴ አስቴር ነን። እዚሁ ኮሎምበስ ስላደገ አማርኛው ትንሽ ይንገዳገዳል። አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጦ፣ "አጎቴ፣ ሺ ኢዝ ዘ ዋን። የሩት አባት ግን ሽማግሌ ካልመጣ ኖ ዌይ ብለዋል። እንደ አባቴ ሆነህ ሂድልኝ" አለኝ። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ሌላ ሐሳብ መጣብኝ… በዚህ ፊት?

አስቴር መፍትሔ አላጣችም። "ቆዳ የሚመገበው ከውስጥ ነው" ብላ ካሮቱን፣ ጎመኑን፣ አቮካዶውን፣ ብርቱካኑን ደረደረችልኝ። ቫይታሚን ኤ ለዚህ፣ ሲ ለዚያ እያለች ስታስረዳኝ ሰነበተች። እኔም ያቀረበችልኝን ሁሉ ሳላጉረመርም በላሁ። ከዚያ መስታወት ፊት ብቆም… ያው እኔ ነኝ።

"መቼ ነው የሚሠራው?" አልኳት።

"አንድ ሁለት ወር ታገሥ።"

"ሽምግልናው እኮ ቅዳሜ ነው።"

"እንግዲህ ቅዳሜ በዚሁ ፊት ትሄዳለሃ" አለችና ወደ ሥራዋ ወጣች።

ሰው ሲቸኩል ስልኩን ይከፍታል። አንዲት ፊቷ የሚያበራ ሴትዮ እርድ፣ ማርና እርጎ ቀላቅላ ስትቀባ በቪዲዮ አየሁ። "እርዱ ቁንጥር ብቻ፣ ለአሥር ደቂቃ" ትላለች። እንግዲህ ፍረዱኝ… ቁንጥር እርድ ምን ያደርጋል? እኔ እርድን የማውቀው አልጫ ውስጥ ነው፤ አልጫ ደግሞ ቢጫ እስኪሆን ይጨመርበታል። ቅዳሜ ጠዋት አስቴር ገበያ እንደወጣች በአልጫው ልክ በሾርባ ማንኪያ እየዛቅኩ ጨመርኩ። እርዱ እንደሆነ ከአገር ቤት በሻንጣ የመጣ፣ ጣት ከነካ ሳምንት የማይለቅ ነው። ለቫይታሚን ሲ ብዬ ሎሚም ጨመቅኩበት። አሥር ደቂቃ ከጠቀመ ብዙ ቢቆይማ እንዴት ያደርግ ይሆን ብዬ ሶፋው ላይ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ይዞኝ ሄደ።

የነቃሁት ሎሚው ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ሲያንገበግበኝ ነው። ተሯሩጬ ታጠብኩ። ማሩ ለቀቀ፣ እርጎው ለቀቀ፣ እርዱ ግን ወይ ፍንክች!

አስቴር ተመልሳ ስታየኝ ዘንቢሏን እንደያዘች ቀጥ አለች። "የአልጫዬ እርድ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። በሳሙና ፈተገችኝ፣ በዘይት አሸችኝ፣ ለውጥ የለም። መሄጃችን ሲደርስ፣ "በቃ ፋውንዴሽን ልቀባህ" አለች።

"ወንድ ነኝ፤ ፊቴን አልቀባም" አልኳት። ይህን ስናገር ምን ያህል ቢጫ እንደነበርኩ እናንተው አስቡት።

ኮሎምበስ ዳር ያለችው ደብሊን፣ የሩት ወላጆች ቤት የደረስነው ሁለት ሆነን ነው፤ እኔና ጎረቤታችን ጋሼ ታደሰ። ሦስተኛው ሽማግሌ ኦቨርታይም ተገኝቶላቸው ቀርተዋል። ጋሼ ታደሰ መንገዱን ሙሉ በጎን በጎን ሲያዩኝ ቆይተው፣ "ለመሆኑ ሐኪም ዘንድ ሄደሃል?" አሉኝ። መስኮቱን ከፈትኩ።

እንደምታውቁት ሽማግሌ የመጣበት ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሳሎን መግቢያው ላይ ጎን ለጎን ቆምን። ጋሼ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ "የመጣንበት ጉዳይ…" ከማለታቸው የሩት እናት ወይዘሮ ሰናይት በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ነርስ ናቸው።

"ይቀመጡ" አሉኝ።

"ኧረ ቆመን ነው የምንናገረው።"

"ይቀመጡ ብያለሁ።" ክንዴን ይዘው ሶፋው ላይ አስቀመጡኝ። አገጬን ወደ መብራቱ ቀና አድርገው ዓይኔን ገለጥ ገለጥ አደረጉት። "ሊቨርዎን… ጉበትዎን ቼክ አድርገው ያውቃሉ? መጠጥ ይወስዳሉ?"

"በበዓል ካልሆነ…"

"ሁሉም እንደዚያ ነው የሚሉት።" ለእኛ የተዘጋጀውን ውስኪ ከጠረጴዛው አንስተው ጓዳ አስገቡት። በምትኩ አንድ ብርጭቆ ውሃ አመጡልኝ።

አባትየው አቶ ግርማ ይህ ሁሉ ሲሆን ፊቴን ያዩ ነበር። ከዚያ ወደ ጋሼ ታደሰ ዞሩ። "ታላቅ ወንድሜን የበላብኝ መጠጥ ነው" አሉ ረጋ ብለው። "እንዲህ ቢጫ ሆኖ ነው ያለቀው። ዳዊት ጥሩ ልጅ እንደሆነ ሰምቻለሁ። ያሳደገው ሰው እንዲህ ከሆነ ግን… ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ልጄን አልሰጥም።"

ዳዊት ቤት ሆኖ ስልክ ስልኩን እያየ ነው። እንደ አባቴ ሆነህ ሂድልኝ ያለኝን ልጅ፣ የማላውቀው ሰካራምነት ሚስት ሊያሳጣው ነው። ሁለት ምርጫ ነበረኝ፤ ጉበቱ ያለቀ ጠጪ ተብዬ ከነኩራቴ መውጣት፣ ወይም ጤነኛ ሆኜ መዋረድ። ቀላል ነው እንዳትሉኝ፤ ለእኔ ቀላል አልነበረም። አፌ የተከፈተው ጋሼ ታደሰ ኮታቸውን ሲያነሱ ነው።

"እርድ ነው" አልኩ።

"ምኑ?" አሉ አቶ ግርማ።

"ፊቴ። ለቆዳ ይጠቅማል ሲባል ሰምቼ ተቀባሁት… ከዚያ እንቅልፍ ወሰደኝ።"

ጋሼ ታደሰ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ ትከሻቸው በሳቅ ይንቀጠቀጣል። ወይዘሮ ሰናይት ሶፍት ዘይት ውስጥ ነክረው ግንባሬን ፈተጉና ሶፍቱን አዩት። ቢጫ ሆኗል። አሸተቱት። "የዓይኑ ነጭ ቀልቷል እንጂ ቢጫ አልሆነም፤ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር" ብለው ሶፍቱን ለባለቤታቸው አቀበሉ። አቶ ግርማም አሸተቱት።

"ምን አስቀባዎት?" አሉኝ።

"እናንተ ፊት ደህና ሰው ልምሰል ብዬ ነው። ልጁ አባት የለውም። በእኔ እንዳያፍር ብዬ ነው።"

አቶ ግርማ ሶፍቱን አጣጥፈው አስቀመጡ። "ጋሼ ታደሰ፣ ይቀመጡ" አሉ። "እኔን የሚያስፈራኝ ልጄ የምትገባበት ቤት የሚደብቀኝ ነገር ነው። ይህንን በአፉ የተናገረ ሰው ግን ሌላ ምን ሊደብቀኝ ይችላል?"

ውስኪው ከጓዳ ወጣ። ሩት ተሰጠች። ለዳዊት ደውዬ አበሰርኩት።

ስንወጣ ወይዘሮ ሰናይት በር ድረስ ሸኙን፤ በዕቃ የሞሉትን የቀይ ሥር ሰላጣም እጄ ላይ አኖሩ። "ለቆዳ በጣም ጥሩ ነው" አሉኝ። አመስግኜ ደረጃውን መውረድ ስጀምር ግን ልባቸው አላምን አለ መሰለኝ፣ በሩን እንደገና ከፍተው ጠሩኝ።

"አደራዎን" አሉ፣ "ይብሉት።"