ሞተር ይዤ ነው የምመጣው

ሰው ሦስት ደረጃን ደረጃ እንደማይለው የገባኝ ነቀምት ላይ ማረፊያ ሆቴል ስፈልግ ነው።

የምኖረው አርጆ ነው። ሞባይል እጠግናለሁ፤ የምሄደው በዊልቸር ነው። ትምህርቴን ከስምንተኛ አቆምኩ፤ ዘጠነኛ ክፍል ፎቅ ላይ ነበራ። ዘንድሮ ታዲያ ሁለት ቀን ነቀምት ሄጄ ልዝናና አልኩና መደወል ጀመርኩ። «ደረጃ አላችሁ?» እላለሁ። «ኧረ የለንም» ይላሉ። ምንም የላችሁም? ምንም። በሩ ላይ ካሉት ከሦስቱ በስተቀር። አንዷማ «ሂን ያዳኢን ኦቦሌሳ» አለችኝ፤ አታስብ ወንድሜ ማለቷ ነው። ጠንካራ ጠንካራ ልጆች አሉን፣ ተሸክመው ያስገቡሃል ብላ አጽናናችኝ።

ችግሩም እሱ ነው። የኛ አገር ሰው ደግ ነው፤ ዊልቸር ካየ ሳይጠይቅ ያነሳሃል። ቄሱ ያነሳሃል፣ ፓስተሩ ያነሳሃል፣ ትራፊክ ፖሊሱ ያነሳሃል። አንዴ መንገድ ዳር ደንበኛ እየጠበቅኩ ሁለት ሰዎች ብድግ አድርገው ማዶ አሻገሩኝ። መሻገር አልፈለግኩም ነበር። ለመመለስ ሌላ ደግ ሰው እስኪመጣ ጠበቅኩ።

ቤት ደግሞ እትዬ አለች፣ ታላቅ እህቴ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ጠዋት የምታወጣኝ፣ ማታ የምታስገባኝ እሷ ናት። ከቅርብ ጊዜ ጀምሮ ስታነሳኝ ቀኝ ጉልበቷ ቀጭ ይላል። እሷ አልሰማሁም ትላለች። እኔም አልሰማሁም። ሁለታችንም እንደሰማን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ብቻዬን ነቀምት እሄዳለሁ ስላት ሳቀች። ያለኔማ የት ትደርሳለህ አለች። ተወራረድን። የሰው እጅ ሳያነሳኝ ደርሼ ከተመለስኩ ከዚያ በኋላ በፈለግኩበት ቀን ብቻዬን እወጣለሁ። አንድ ሰው እንኳ ካነሳኝ ግን ዕድሜ ልኬን ከሷ ጋር ነው የምሄደው። «ከመናኸሪያ ጀምሮ፣ ተመልሰህ አልጋህ ላይ እስክትቀመጥ ነው» አለች። እሺ አልኩ። ሰው ሲቸኩል ምን የማይለው አለ?

ወደ ሆቴሉ ልመለስ። ደረጃ ብሎ መጠየቅ እንደማያዋጣ ሲገባኝ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ሞተር ሳይክል ያለው እንግዳ ሞተሩን ውጭ አያሳድርም። ሞተር ደግሞ ደረጃ አይወጣም። እንደገና ደወልኩ። «ሞተር ይዤ ነው የምመጣው፤ ከክፍሌ አጠገብ ማሳደር እፈልጋለሁ» አልኩ። ባኬ ጃማ ሰፈር ያለ አንድ ሆቴል ችግር የለም አለኝ። በጓሮ በኩል በሲሚንቶ የተሠራ ተዳፋት መውጫ አለ፣ ድፍት ያለ አይደለም፣ እስከ ክፍሉ በር ድረስ ይገባል። የሽንት ቤቱን በር ስፋት በስንዝር ለክተሽ ንገሪኝ ብላት ስልኩን ያነሳችው ልጅ ለክታ ነገረችኝ። ለምን ብላም አልጠየቀች። ሞተሩን ላጥብበት መስሏት ይሆናል።

በቀኑ እትዬ ከቤት አውጥታ እስከ መናኸሪያ ገፋችኝ። ሚኒባሱ ጋ ስደርስ ረዳቱ በብብቴ ሊገባ እጁን ሲዘረጋ «እጅህን!» አልኩት። እንደ ሌባ ደነገጠ። በሩን በአንድ እጄ፣ ወንበሩን በሌላው ይዤ ጋቢና ገባሁ፤ ዊልቸሬ ጣሪያ ላይ ወጣች። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ለሕክምና ነው ወይ ልጄ አሉኝ። ለሽርሽር ነው አልኳቸው። እሳቸውም እግዜር ይማርህ አሉኝ። አሜን አልኩ፤ ምን እላለሁ?

ሆቴሉ ስደርስ ዘበኛው ሞተሯን ፍለጋ መንገዱን ያያል። ይቺው ናት አልኩት።

«በምንድነው የምትሄደው?» አለኝ።

«በፍርፍር።»

እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ ሊያነሳኝ ጎንበስ ሲል ውርርዱን ነገርኩት። ይህን ሲሰማ ከኔ ብሶ አረፈው። ሁለቱን ቀን ሙሉ ጠባቂዬ ሆነ፤ አንድ ሰው ደግነት ደግነት ሲሸተው ከሩቅ «አትንኩት፣ ተወራርዷል!» ይላል።

የነቀምት ዳገት ቀልድ አያውቅም፤ ዳገቱን በባጃጅ፣ ሜዳውን በእጄ ነው የዞርኩት። ካፌ ስመርጥ በሩን አይደለም የማየው። የለስላሳ ሣጥን የሚገፋውን ጋሪ ነው። ጋሪው በየት ይገባል? እኔም በዚያ። በአንዱ ቤት ከኮካ ኋላ ተሰልፌ ገብቼ ማኪያቶ ጠጣሁ። ኳስ አየሁ። ገበያ ዳር ሆኜ ሰው ሲከራከር ሰማሁ፤ በኦሮምኛ ጀምረው ሲናደዱ በአማርኛ ይጨርሱታል። ሁለት ቀን ሙሉ ማንም አላነሳኝም። ሁለት ቀን ሙሉ የማንም ጉልበት ቀጭ አላለም።

አርጆ ስወርድ ራሴን ችዬ፣ ዊልቸሬን እየገፋሁ፣ ለሚያውቀኝ ሁሉ አካም ቡልቴ እያልኩ ሰፈር ደረስኩ። እትዬ ደጃፉ ላይ እጇን አጣምራ ቆማለች። አሸነፍኩሽ አልኳት።

«ግባ እስቲ» አለች።

ለካ ለነቀምት ሆቴሎች ሁሉ ስደውል ለራሴ ቤት አልደወልኩም። ሦስት ደረጃ። ሌላው ሰው ደረጃ አይለውም ብዬ ስስቅ እኔ የራሴን ረስቼዋለሁ። ትንሽ ጠበቀችኝ። ከዚያ ጎንበስ ብላ አነሳችኝ። ጉልበቷ ቀጭ አለ፤ ያን ቀን እሷም ሰማች። አልጋው ላይ አስቀምጣኝ አጠገቤ ቁጭ አለችና ጉልበቷን እያሸች ተሸንፈሃል አለችኝ።

ይሄን ደረጃ ላስተካክል ብዬ አከራያችንን ኦቦ ፈይሳን ስንት ዓመት ለምኛቸዋለሁ። ሁሌም መልሳቸው አንድ ነው። የቤቱን መልክ ያበላሻል፤ ደግሞስ እኛ እያለን፣ ጥራን እንሸከምሃለን። ክፋት የለባቸውም። ብዙ ጊዜ ተሸክመውኛል።

በማግሥቱ ሄድኩና ኦቦ ፈይሳ፣ ሞተር ልገዛ ነው፣ ማስገቢያ ያስፈልገኛል አልኳቸው።

«ለሞተር ከሆነማ!» አሉ። ውጭ ቢያድር ይሰረቃል ብለው ከኔ በላይ አሰቡ። አሸዋው ከጓሯቸው መጣ፣ ሲሚንቶውን ራሳቸው አቦኩት። በሁለት ቀን አለቀ። መጀመሪያ የወጣችበት እትዬ ናት፤ ጥንካሬውን ልፈትሸው ብላ። በደረጃው በኩል ስትወጣ ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

ኦቦ ፈይሳ ግን አሁንም ባለፉ ቁጥር ይጠይቃሉ፤ ሞተሩስ፣ መቼ ነው የሚገባው?

እትዬ ከውስጥ ሆና ትመልስላቸዋለች። «ከገባ ቆየ።»