ፎጣውና የንግድ ውሉ

የአገርና የአገር የንግድ ውል የሚፈረመው በብዕር፣ ካሜራ ፊት ነው። ሰንበቴ ገበያ የፍየል ዋጋ የሚነገረው ግን በጣት፣ ፎጣ ስር ነው። ሰንበቴ ያልወረደ አንባቢ ካለ ልንገረው፤ ሻጭና ደላላ ከፎጣው በታች ይጨባበጣሉ፣ ጣት ለጣት ይከራከራሉ፣ ዙሪያውን የከበበው ሰው ምንም አይሰማም። ደግ ብልሃት ነው። ሴት ግን የባዕድ ወንድ እጅ አትጨብጥም። እንግዲህ ገበያው ሴትን አልከለከለም፤ የከለከላት ፎጣው ነው።

ባለቤቴ ዘሀራ የፍየል ነጋዴ ነበረች። እኔ እጇ ነበርኩ። ከኋላዬ ቆማ ጃኬቴን አንዴ ከሳበች ጨምር፣ ሁለቴ ከሳበች ሽጥ ማለት ነው። አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል፤ እኛ ሁለት ሆነን አንድ እጅ ነበርን።

አምና ከሚሴ ላይ ስለ ንግድ ውል ስልጠና ተሰጠን። አሰልጣኙ ሩቅ አገሮች የተፈራረሙትን ለምሳሌ አነበበልን፤ ሴቶች እኩል ይነግዳሉ ይላል። አንድ ገጽ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠርጎ ገለበጠው። ወረቀቱ ለሁላችንም ታድሎ ነበርና አየሁት፤ የራሳቸውን ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎች ከንግድ እንዳይገፉ ይላል።

«ወንድሜ፣ ምኑን ዘለልከው?» አለች ዘሀራ።

«እኛ ጋ የሌሉ ሰዎች ጉዳይ ነው፣ እህቴ።»

«እኔም እኮ ገበያው ውስጥ የለሁም። ያለው የባሌ እጅ ነው።»

አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ከኋላ የሳቀም ነበር። እሷ አልጨረሰችም። «እሺ፣ ስለ ፎጣውስ ምን ይላል?»

አሰልጣኙ ወረቀቱን አገላበጠ። «ስለ ፎጣ አይልም።»

ዘሀራ ረመዳን ሳይገባ ሞተች። የሁለት ዓመት ልጃችንና ስድስት ፍየሎች ቀሩኝ። ልጅቷ የምትበላው ከፍየሎቹ ነውና ሰንበቴ ወረድኩ። ደላላው አባ ሰይድ ፎጣቸውን ዘረጉ፤ እጄን ሰደድኩ። ጃኬቴን የሚስብ የለም። ዋጋ እንደማላውቅ ያኔ ገባኝ፤ የማውቀው አሳሳቧን ነበር።

«ማል ታቴ? ምን ሆንክ? እጅህ ደነዘዘ እንዴ?» አሉ አባ ሰይድ።

እጄን አወጣሁ። ከዘሀራ ጋር ይነግዱ የነበሩት አዴ ሀሊማ ከወንድማቸው ኋላ ቆመዋል። ፍየሎቹ ስንት እንደሚያወጡ ጠየቅኋቸው። ጮክ ብለው ነገሩኝ። ገበያው ሰማ።

አባ ሰይድ ፎጣቸውን አዩት። «እንዲህ ከሆነ ይሄ ለምኔ ነው?»

«ለፀሐይ ነዋ» አሉ አዴ ሀሊማ።

ባሉት ዋጋ ሸጥኩ። በሳምንቱ ፎጣው ተመልሶ ተዘርግቷል፤ ከአዴ ሀሊማ ጋር ግን አባ ሰይድ አሁን በአፍ ነው የሚከራከሩት። ዘሀራ ያን ቀን የጠየቀችው ሁለት ነገር ነበር። የፎጣው መልስ አገኘ፤ ያውም እኔ አላዋቂ በመሆኔ። አሰልጣኙ የዘለለው ገጽ ግን እንደተገለበጠ ነው።