ጭልፊቱ ያልተገኘበት ሽምግልና

ጭልፊትን ከስሶ የረታ ሰው እስካሁን አልሰማሁም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንዲሉ፣ ሰው ጭልፊት ሲበድለው የሚከሰው ጎረቤት ይፈልጋል። ያ ጎረቤት እኔ ነኝ።

ጠብ የምወድ ሰው አይደለሁም። በሬን ቆልፌ ሳበቃ ተመልሼ እነካካለሁ፤ ሚኒባስ ቆሞም ቢሆን መንገድ ለመሻገር ሁለቴ አስባለሁ። በድንቢጦቼ ለመጣብኝ ግን አልመለስም። ጠዋት ጠዋት ግቢዬ ካለው የኮክ ዛፍ ሥር እፍኝ ገብስ እበትናለሁ። ይወርዳሉ፣ ይንጫጫሉ፣ ይጣላሉ፣ ወዲያው ይታረቃሉ። ከሬዲዮ ዜና አይሻልም ትላላችሁ?

ጎረቤቴ ዘይነባ ዶሮ ታረባለች፤ የሚለየን የአጋም አጥር ነው። ክረምቱ እንደወጣ አንድ ጭልፊት መመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ ከእኔ ዛፍ አንዲት ድንቢጥ ነጠቀ፣ ቀጥሎ ከእሷ ግቢ አንድ ጫጩት። ዘይነባ ከአጥሩ በላይ ብቅ ብላ፣ «ጋሼ፣ አንቱ ደገሱ፣ ጭልፊቱ ታደመ፣ የእኔ ጫጩት ተበላች። ወላሂ ይሄ ገብስ ካልቀረ አንስማማም» አለችኝ። ጭልፊቱን እኔ አልወለድኩትም ብላት፣ «አላሳደጉትም ወይ?» አለች። ምላሷ ከጭልፊቱ ጥፍር አያንስም።

ታዲያ ተውኩ? በማግስቱ ሁለት እፍኝ በተንኩ።

ነገሩ ሽማግሌ ፊት ደረሰ። በከተማችን በመካነ ሰላም ሁለት ጎረቤት ከተጣላ ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ጥፋተኛው ከራሳችን በላይ እየዞረ ቢሆንም። አንድ ሼህና አንድ ቄስ ከኮኩ ሥር ተቀመጡ። እኔም ድንቢጦቹ የዘይነባ ዘበኞች ናቸው ብዬ ተሟገትኩ። ጭልፊት ሲመጣ ቀድመው የሚጮኹት እነሱ ናቸው፤ እናት ዶሮም ያንን ሰምታ ነው ጫጩቶቿን ክንፏ ሥር የምትሰበስበው። ያለ ደመወዝ የሚያድር ዘበኛ ከየት ይገኛል? ቄሱ ሳቁ። ሼሁ፣ «ዘበኛው ራሱ እየተበላ ነው እኮ» አሉ። ተረታሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንዲት ፍሬ እንዳልበትን ተፈረደብኝ። የሽማግሌ ቃል አይፈርስምና እሺ አልኩ፤ ፊቴን ላየው ግን እምቢ ነበር።

ገብሱ ሲቀር ድንቢጦቹ ወደ አውድማ ሄዱ፤ ኮኩ ጭር አለ። ጭልፊቱስ? ድግስ ቀረ ብሎ የሚቀር እንግዳ አይደለም። የሚጮህበት ስለጠፋ እንዲያውም እንደ ባለቤት ረጋ ብሎ ይገባ ጀመር። የዘይነባ ጫጩቶች ተመናመኑ። ደስ አለኝ አልልም፤ ጫጩት ምን አጠፋች?

አንድ ቀን ዘይነባ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ጋሼ፣ ትንሽ ቢበትኑስ?» አለችኝ። የሽማግሌ ቃል አላፈርስም አልኳት። «ማን ያያል?» አለች። ሲፈረድብኝ በአደባባይ ነበር፣ አሁን በስውር አልበትንም አልኳት። እያጉረመረመች ገባች።

ሰሞኑን አንድ ቀን ጠዋት የድንቢጥ ጫጫታ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ ከአጋሙ በላይ አንድ የማውቀው እጅ ብቅ ብሎ እፍኝ ሙሉ ስንዴ ኮኩ ሥር ወረወረ። በራሷ ግቢ እንዳትበትነው ዶሮዎቿ ይለቅሙታላ።

በዚያው ቀን ሼሁ መንገድ ላይ አግኝተውኝ ፍርዱን ማክበሬን ጠየቁኝ። አንዲት ፍሬ አልበተንኩም አልኳቸው። ድንቢጦቼ ከገብስ ወደ ስንዴ ማደጋቸውን ግን አልጠየቁኝም።