ጎመኔ፣ ዱባዬና አማቴ

ጎመን ቀላል ነገር የሚመስለው ገዝቶ ለሚበላ ሰው ነው። እኔም ገዝቼ የምበላ ሰው ነበርሁ። ገበያ ወጥቼ፣ ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ አድርጌ፣ «ይኼማ ጠውልጓል» ብዬ ሻጯን አስቀይሜ የምመለስ። አሁን ግን የሰው ጎመን ጠውልጎ ሳይ ዝም ብዬ አልፋለሁ። የባለቤቱ ሐዘን ይገባኛላ!

ዛሬ የማወራችሁ ስለራሴ ጎመን ነው። እንግዲህ ቻሉኝ፣ ልኩራበት ነው። ደመወዝ ተቀብዬም እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ነገሩ የተጀመረው ሙሉ በምትባለው ባለቤቴ አርባ ዕለት ነው። ሙሉ ጥቅምት ላይ ታመመች፤ ጥቅምት ሳይወጣ ሞተች። ከዚህ በላይ ልጽፈው አልችልም። ትርንጎ የምትባል የአምስት ዓመት ልጅ አለችን። ልጅቱ ከዚያ ወዲህ እህል እንቢ አለች። ሳጎርሳት ጉንጯ ውስጥ ይዛው ትውላለች። ዋጪ ብላት አትውጥ፣ ትፊ ብላት አትተፋ።

አማቴ እማማ ደብሬ ለተዝካሩ ከዱርቤቴ መጡ። ሰው በልቶ ሲበተን ልጅቱን አቀፉና ክንዷን ጨበጥ አደረጉት። «ይኼ ክንድ ነው?» አሉኝ። ተነሥተው ቤቱን ዞሩት። ምድጃውን አዩ። ጓሮውን አዩ። ጓሮው ውስጥ የነበረው አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር ብቻ ነው።

«አንተ ደምሴ፣ ወንድ ብቻውን ሴት ልጅ አያሳድግም» አሉ። «ጓሮህ እንኳ ቅጠል አላበቀለ! ለፋሲካ እመጣለሁ። እንዲህ ከስታ ካገኘኋት ይዣት ነው የምሄደው።»

ክፉ ሴት እንዳይመስሏችሁ። እሳቸውም ልጃቸውን ቀብረው ነው።

እኔ ከዚህ ሁሉ ይዤ የቀረሁት ጓሮ የምትለዋን ነው። ልጅ ማብላት አቅቶኛል። መሬት መቆፈር ግን ማንን ያቅተዋል?

እኔን። ደብረ ማርቆስ ከተማ ያደግሁ የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ ዶማ ይዤ አላውቅም። ዶማውን ያዋሱኝ ጎረቤቴ መሪጌታ ውቤ ናቸው። ቅኔ ለምደው ነው መሰለኝ ሰውን ሳይነኩ አያልፉም። አንዱን ጥግ ቆፍሬ፣ ድንጋይ ሲያስቸግረኝ ሌላውን ጥግ ጀምሬ፣ እሱንም ትቼ መሃሉን ስይዝ፣ በአጥሩ ብቅ ብለው «ምነው ልጄ፣ ቁልፍ ጠፋብህ?» አሉኝ።

ችግኝ ስተክል ግን ሙያዬን አስገባሁበት። የምሠራው እዚህ ጣና ዳር፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ሽመና ክፍል ነው። እኛ ዘንድ ድሩ የሳሳ ጨርቅ፣ ጨርቅ አይባልም። ስለዚህ ከአጥር እስከ አጥር ክር ወጠርሁና ጎመኑን እንደ ድር ጥቅጥቅ አድርጌ ደረደርሁት። ዝንፍ አይልም! የክፍላችን አለቃ ቢያየው እጄን ይጨብጠኝ ነበር። መሪጌታም አዩት። «ስትጨርሰው ለእኔም አንድ ጋቢ» ብለው ገቡ።

ጎመኑ ምን ይሁን? እርስ በርሱ ተጣብቆ ቀጥኖ፣ ቢጫ ሆኖ ቆመ። እኔ ደግሞ ባሰብኝ። ከፈረቃ ስወጣ በጠራራ ፀሐይ ውሃ እደፋበታለሁ። ይበልጥ ቢጫ ይሆናል። ይበልጥ እደፋበታለሁ።

አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል ትርንጎን ከመደቡ መሃል ቁጭ ብላ አገኘኋት። ጎመኔን ትነቅላለች። አንዱን ትታ አንዱን፣ አንዱን ትታ አንዱን። ልጮኽ አፌን ከፈትሁ።

«አባባ፣ እንዲህ ተጣበው እንዴት ይተኛሉ?» አለችኝ። ቀና ብላም አላየችኝ። የነቀለችውን አፈሩን በቀሚሷ ጠረግ ታደርግና ወደ አፏ ትልከዋለች። ታኝካለች። ትውጣለች። ሌላ ትነቅላለች።

አፌን ዘጋሁ። ትንቀለው። ከፈለገች አጥሩንም ትንቀለው። የፋብሪካው ጡሩንባ ጮኸ፤ ከቆምሁበት አልተነቃነቅሁም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እቤቴም አለቃ አለኝ። ቀትር ላይ ውሃ ማጠጣት ተከለከልሁ። መሪጌታ በአጥር በኩል የሚነግሯትን ሁሉ ይዛ መጥታ እኔ ላይ ታውጃለች። ውሃ የምንቀዳው ከጣና ነው፤ እኔ በባልዲ፣ እሷ በጣሳ። የእሷ ጣሳ እቤት ሳይደርስ መንገድ ላይ ያልቃል። ሆኖም ጠብታዋን ይዛ መጥታ አንዱን ጎመን መርጣ ታጠጣለች። ስትመርጥ ደግሞ ለሌሎቹ እየነገረቻቸው ነው፤ «እናንተ ነገ!» ትላቸዋለች። ሁዳዴ ሲገባ ጎመናችን ተንዠርግጎ ነበር። በየቀኑ በላን። ጎረቤት ሁሉ ወሰደ። እኔ ለሰው እሰጣለሁ፣ እሷ «ከዳር ነው የሚቆረጠው!» እያለች ትቆጣቸዋለች። ወይ ኩራት!

ዱባው መቼ እንደ በቀለ አላውቅም። ማንም አልተከለውም። አጥሩ ላይ ወጥቶ አንድ እንቡጥ ያዘ። መሪጌታ ትርንጎን ጠርተው በለጋ ዱባ ላይ ጣት እንደማይቀሰር፣ ከተቀሰረበት ደርቆ እንደሚወድቅ፣ ማሳየት የፈለገ በጡጫው እንደሚያሳይ ነገሯት። ከዚያ ወዲያ ቤታችን ውስጥ ጨውም ቢሆን የሚጠቆመው በጡጫ ሆነ።

በዚህ መሃል ቀበሌ የጓሮ ጉብኝት ይዞ መጣ። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ ብዙ ሰው ከኋላ። እኔ የዘይት ቆርቆሮ በሚስማር በስቼ የሠራሁትን ማጠጫ ይዤ ቀጥ ብዬ ቆምሁ። ሊቀመንበሩ ጎመኑን አይተው ደስ አላቸው። ወደ ዱባው ዞሩ። «ጓዶች! ልማት ማለት ይህ ነው!» ብለው ጣታቸውን ዘረጉ።

«አይቀስሩበት! ይደርቃል!» አለች ትርንጎ።

በዚያ ሰፈር ለሊቀመንበር አይቀስሩ ያለ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። ማጠጫዬ እግሬ ላይ ይፈስሳል። ሰውየው ልጅቱን አዩ፣ ዱባውን አዩ፣ ጣታቸውን አዩ። ለካ እሳቸውም የባላገር ልጅ ናቸው። ቀስ ብለው ጣታቸውን አጠፉና ጡጫቸውን ወደ ዱባው ከፍ አደረጉ።

ከኋላ ያሉት ንግግሩን አልሰሙም። ያዩት ጡጫ ነው። ጡጫ ከፍ ሲል ምን እንደሚደረግ ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን። ሁሉም ግራ እጁን አወጣና «ኢትዮጵያ ትቅደም!» አለ። እኔም ማጠጫዬን እንደ ያዝሁ አወጣሁ፤ ጸጉሬ ራሰ። መሪጌታን ከአጥር ወዲያ ሳል ያዛቸው። ዱባው አልደረቀም። እንዲያ በስብሰባ ሙሉ ተከብሮ እንዴት ይደርቃል?

በፋሲካ ማግስት እማማ ደብሬ መጡ። ትርንጎ ገና ሳይቀመጡ እጃቸውን ይዛ ጓሮ ወሰደቻቸው። ከመስኮቱ አያለሁ። እየዞሩ ያወራሉ፣ እሷ በጡጫ ታሳያለች። ተመልሰው ሲገቡ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ተቀመጡ። ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አዩዋት። ጉንጯ ሞልቷል። ያም ሆኖ አያት አያት ነው።

«በይ ልጄ፣ ልብስሽን ሰብስቢ። ዱርቤቴ እንሂድ፣ እኔ ዘንድ ይሻልሻል» አሏት።

ሄጄ በሩ ላይ ቆምሁ።

ትርንጎ እኔን አየችኝ፤ ያንን ቢጫ ጎመን ታይበት በነበረው ዓይን። «እሱስ?» አለች።

«እሱማ ትልቅ ሰው ነው። ምን ይሆናል?»

«አይ እማማ፣ አያውቁትም። እኔ ከሌለሁ አጣብቆ ነው የሚተክለው። ውሃም በፀሐይ ነው የሚያጠጣው። ምሳ ብላ ካላሉት አይበላም። ደግሞ የእማዬን ነጠላ አቅፎ ያለቅሳል፤ በቃህ የምለው እኔ ነኝ።»

ወለሉን አየሁ። እማማ ደብሬ በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ያዙ። እያለቀሱ ይሁን እየሳቁ አላወቅሁም፤ እሳቸውም ያወቁ አይመስለኝም። በመጨረሻ ልጅቱን ወደ እኔ ገፋ አደረጓት።

«በይ እንግዲያው አሳድጊው» አሏት።

ይኸው፣ እያደግሁ ነው።