ፖፖዋን የደበቅኩባት ሰሞን

እናቶች፣ በመካከላችን ይቅርና፣ ልብስ ስታጥቡ የልጃችሁን ፓንት ገልብጣችሁ አታዩም? እኔ አያለሁ። ብርሃን ላይ አውጥቼ ነው የማየው። ጎረቤት መርፌ የጠፋኝ ይመስለዋል።

ባለፈው ሰኞ የማክዳ ፓንት ላይ ውሃ መሳይ ነገር አየሁ። ማክዳ ልጄ ናት፣ አራት ዓመቷ። ማክሰኞም ያው። ሆዷን ስነካው ከበሮ ሆኗል። ቁርስ አስጠላት፣ ፉል እንኳን። ፉል እምቢ የሚል የድሬ ልጅ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ተቅማጥ ነው አልኩ። ተቅማጥ ደግሞ በእኛ ሙቀት ልጅን በአንድ ቀን ያደርቃል ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት።

አዴ ዘይነባ የግቢያችን ትልቅ ሴት ናቸው። ስድስት ልጅ አሳድገዋል። አዩኝና «አቦ፣ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ የገረጣሽው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። ወላሂ ምንም አይደለም፣ ዘይቱን ከነፍሬው ስጫት፣ ቀጥ ያደርግላታል አሉ። ሰጠኋት። የሩዝ ውሃም አጠጣኋት። ሙዝ ጨመርኩ። ሆድ ያስራል የተባለ ነገር ሁሉ ገባ። እሮብ ጭራሽ ባሰባት። ግድግዳ ይዛ፣ እግሯን አጣምራ፣ ላብ በላብ ሆና ትቆማለች። ሊያመልጣት ነው ብዬ እኔም አብሬ አላበኝ።

ሐሙስ በባለቤቴ ባጃጅ የደቻቱን ድልድይ ተሻግረን ከዚራ ወዳለ ክሊኒክ ሄድን። በጠዋት ነው እንግዲህ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ከተማው ሙቀቱን ሸሽቶ ይተኛል፤ ሐኪምም ሰው ነው።

ተራ ስንጠብቅ ግድግዳው ላይ ወረቀት አየሁ። የሆድ ሕመም ምልክቶች ይላል። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነውና ቀስ እያልኩ ነው የማነበው። ለፈሪ ሰው ደግሞ ቀስ ብሎ ማንበብ ጥሩ አይደለም። አንዱን ምልክት አንብቤ እስክጨርስ ይይዘኛል። «ቃር» የሚለው ላይ ደረቴ ተቃጠለ። «የሆድ መነፋት» ስል ቀሚሴ ጠበበኝ። «ማቅለሽለሽ» ላይ ስደርስ ማክዳ ራሷ ቀና ብላ «እማ፣ አመመሽ?» አለችኝ።

ነርሷ ከእኔ የምታንስ ልጅ ናት። የማክዳን ሆድ ጫን ጫን አደረገች፣ ስንት ቀኗ ነው፣ ምን በላች ብላ ጠየቀች። ዘይቱኑን ስነግራት ሳቋን ዋጥ አደረገች። ይቺ ልጅ ድርቀት ነው ያለባት አለች። ደረቁ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል፤ አንቺ ያየሽው ውሃ በጎን ሾልኮ የሚያመልጠው ነው አለች። ይታያችሁ። በተዘጋ በር ላይ ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋይ ስደረድር ነበር ማለት ነው።

«ለሰገራ የት ነው የምትቀመጠው?» ስትለኝ ግን እውነቱን ማውጣት ግድ ሆነብኝ። መስከረም ኬጂ ትገባለች፣ እዚያ ፖፖ የለም ብዬ ከሁለት ሳምንት በፊት ፖፖዋን አልጋ ሥር ደብቄዋለሁ። የግቢውን ሽንት ቤት ትልመድ ብዬ። ጉድጓድ ነው። በወሰድኳት ቁጥር እጇን ጨምድጄ እይዝና እንዳትወድቂ፣ ወደ ኋላ እንዳትይ፣ ይውጥሻል እላታለሁ። ለጥንቃቄ እኮ ነው። ነርሷ ማክዳን ለምን ሽንት ቤት አትሄጂም አለቻት። «ይውጠኛላ» አለች ልጄ፣ እንዴት ይሄ ይጠየቃል በሚል ዓይን እያየቻት።

ፈርታ ትይዘዋለች፣ ስትይዘው ይደርቃል፣ ሲደርቅ ያማታል፣ ሲያማት መልሳ ትይዘዋለች አለችኝ ነርሷ። የሚያለሰልስ ሽሮፕ ሰጠችን። ውሃ በብዛት፣ ፓፓያ፣ ፖፖውም ይመለስላት። እስከ ቅዳሜ ካልወጣላት ወደ ሆስፒታል እንጽፍላታለን አለች። ይሄኔ ማክዳን ብድግ አድርጌ ደረቴ ላይ ለጠፍኳት። አይታኝ ነው መሰለኝ «አንቺ ደግሞ፣ እናት፣ ስትቀመጥ አጠገቧ አትቁሚ። ምንም አትበያት» አለችኝ።

ምንም አትበይ? እኔ? መርፌ ብትወጋኝ ይሻለኝ ነበር።

አርብ ምንም የለም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ማክዳ ሆዷን ይዛ ፖፖ አለች። ጥላው ሥር አስቀመጥኩላት። ግቢ ውስጥ ከቆየሁ እንደምናገር ራሴን አውቃለሁና ወጥቼ የቆርቆሮውን በር ዘጋሁ። አጥሩን ተደግፌ ነጠላዬን አፌ ላይ ያዝኩ። እምቢ ቢላትስ? ሆስፒታል ምን ያደርጓታል? አዴ ዘይነባ ከሱቅ ሲመለሱ አገኙኝ። በጆሯቸው ነገርኳቸው። እጃቸውን አጣምረው ከጎኔ ቆሙ። ባለቤቴ መጣ፣ ባጃጁን አጠፋና እሱም ቆመ፣ አንገቱን ደፍቶ። ባለ ሱቁ ነገሩ ምን እንደሆነ እንኳ ሳያውቅ ሲያየን ኮፍያውን አውልቆ መጥቶ ተሰለፈ። ፀሐዩ አናታችንን ይጠብሰናል።

በሩ ሲጢጥ አለ። ማክዳ ፓንቷን በእጇ ይዛ፣ ፊቷ በርቶ ብቅ አለች።

«ጨረስኩ» አለች።

ከዚያ ሁላችንንም ከዳር እስከ ዳር አየችን። ፊቷ ተለወጠ። ቀስ ብላ መጥታ ቀሚሴን ያዘችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«እማ፣ ማን ሞተ?»